ያለ ሃሳብ ገና የለም

የምኖርበት ሰፈር ሳንሱሲ ይባላል። አስኮን አልፋችሁ በአምቦ መንገድ ወደ ቡራዩ ስትሄዱ የምታገኙት፣ ጠዋት ወደ መሀል ከተማ የሚወርድ ታክሲ ለመያዝ ግፊያ፣ ማታ ለመመለስ ሰልፍ ያለበት ሰፈር ነው። ስሙን ፈረንሳይኛ ለሚችል ሰው ብትነግሩት ፈገግ ይላል፤ በቋንቋው «ያለ ሃሳብ» እንደማለት ነውና። ጀርመን አገር ፖትስዳም ከተማ ውስጥም በዚሁ ስም የሚጠራ ቤተ መንግሥት አለ። የፕሩሲያው ንጉሥ ታላቁ ፍሬድሪክ እ.ኤ.አ. ከ1745 እስከ 1747 ያሠራው ሲሆን፣ ከመንግሥት ጣጣ ሸሽቶ የሚያርፍበት የበጋ ቤቱ ነበር።

የእኛ ሳንሱሲ ግን በታኅሣሥ ወር ስሙን አይመስልም። በተለይ የሰንበት ትምህርት ቤት የገና ፕሮግራም አስተባባሪ ለሆነ ሰው!

ታኅሣሥ ለደመወዝተኛ ምቹ ወር አይደለም። የመሥሪያ ቤታችን የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ተጀምሮ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ ግማሽ ዓመቱ የሚያልቀው ታኅሣሥ 30 ነው። የስድስት ወር ሪፖርት የሚጠየቀው እንግዲህ የዶሮና የእንቁላል ዋጋ በሚጠየቅበት ሳምንት ነው። በዚህ ላይ ከኅዳር 15 ጀምሮ የነቢያት ጾም አለ። ልጆች ፈተና አለባቸው። ቤት ውስጥ ሽንኩርት የሚልጥ ሰው ይፈለጋል። ይህ ሁሉ ባለበት አንድ ሰው መጥቶ «ዘንድሮ የሕፃናቱን ፕሮግራም አንቺ ያዢልን» ይላችኋል። እሺ ትላላችሁ። እሺ ባላችሁበት ሌሊት እንቅልፍ ጓዙን ጠቅልሎ ከቤት ይወጣል።

የመጀመሪያው ራስ ምታት «መቼ ይሁን?» የሚለው ነው። ገና ታኅሣሥ 29 እንደሚውል ሁላችንም እናውቃለን። ነገር ግን በዘመነ ዮሐንስ፣ ማለትም ጳጉሜን ስድስት ቀን ሆና ካለፈች በኋላ በሚመጣው ዓመት፣ በዓሉ ታኅሣሥ 28 ይሆናል። በ2016 ዓ.ም. እንዲያ ነበር፤ በ2020 ዓ.ም.ም እንዲያው ነው። በዋዜማው ሌሊት ማኅሌትና ቅዳሴ አለ። በበዓሉ ቀን ደግሞ ሁሉም ሰው ቤቱ ነው፤ ጾሙን ፈትቶ ይተኛል ወይም ዘመድ ጥየቃ ይወጣል። ስለዚህ የእኛ ሰንበት ትምህርት ቤት ዝግጅቱን ከበዓሉ በፊት ባለው እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ ያደርገዋል። አሜሪካ ያሉ ዘመዶቼ እንደሚነግሩኝ ከሆነ እነሱም ጋ ያው ነው፤ ጃንዋሪ 7 የሥራ ቀን ላይ ከዋለ የልጆቹ ዝግጅት ወደ ቅዳሜ ወይም ወደ እሑድ ይገፋል። የትም ብትሄዱ ገናና ካላንደር አይስማሙም።

የልደትን ታሪክ በሰውና በእንስሳ ማሳየት የቆየ ነገር ነው። በምዕራቡ ዓለም ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. በ1223 የአሲሲው ፍራንሲስ ግሬቾ በተባለች የጣሊያን መንደር ያዘጋጀው ነው፤ በግርግም ድርቆሽ አድርጎ፣ በሬና አህያ አቁሞ፣ የመንደሩን ሰው ጠርቶ። በእኛ አገር ደግሞ የልደት ዕለት ጠዋት ላሊበላ የተገኘ ሰው የ«ቤዛ ኵሉ»ን ሥርዓት አይረሳውም። በቤተ ማርያም ካህናቱ ግማሾቹ ከላይ ከዐለቱ አፋፍ፣ ግማሾቹ ከታች ከግቢው ሆነው እየተቀባበሉ ያሸበሽባሉ፤ የላዮቹ የመላእክት፣ የታችኞቹ የእረኞች ምሳሌ ናቸው። በሬና አህያ ባይኖርም ያን ሌሊት በዓይናችሁ ታዩታላችሁ።

የእኛ ደግሞ ከዚህ ሁሉ ያነሰች፣ የቆርቆሮ ጣሪያ ባለው አዳራሽ ውስጥ የምትደረግ የአንድ ሰዓት ዝግጅት ናት። ግን እመኑኝ፣ ያቺን አንድ ሰዓት ለማግኘት ስድስት ሳምንት ይሄዳል።

አምና ሥራውን ስረከብ ዕቅዱ ተሠርቶ ጠብቆኛል። 32 ልጆች ተመዝግበዋል። 12 እረኞች፣ 8 መላእክት፣ 4 ነቢያት፣ 3 ሰብአ ሰገል፣ አንድ ሄሮድስና 4 ወታደሮቹ። እመቤታችንን በእኛ ዘንድ ማንም አይተውናትም፤ በበረቱ ውስጥ ሥዕሏ ነው የሚቀመጠው። ልብስም ተገኝቶ ነበር። መርካቶ አካባቢ ከሚያከራዩ ሰዎች ዘንድ የሚያብረቀርቅ ሳቲን፣ ወርቃማ ጥልፍ ያለው፣ ለመላእክቱም ክንፍ ጭምር። ቀብድ ተከፍሏል። ለቀሪው ከእያንዳንዱ ልጅ ቤት 700 ብር እንዲዋጣ ተወስኗል።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ልምምድ 32ቱም መጡ። በሁለተኛው 27። በሦስተኛው 21።

የቀሩትን ልጆች ወላጆች ስደውል ምክንያት አልጠፋም። «ፈተና አለባት።» «ትንሽ ጉንፋን ይዞታል።» «እህቴ ጋ ልኬው ነው።» አንድም ሰው ስለ ገንዘብ አላነሳም። ማርኬቲንግ የተማረ ሰው ይህን ዓይነት ዝምታ ያውቀዋል። የሚጮህ ደንበኛ ገና ተስፋ ያልቆረጠ ደንበኛ ነው። የከፋው ግን ቅሬታ ሳያቀርብ በትሕትና ተሰናብቶ የሚሄደው ነው፤ ለምን እንደሄደ ካልጠየቃችሁት አይነግራችሁም፣ ብትጠይቁትም የሚነግራችሁ የሚያስከብረውን ምክንያት ነው።

ከቀሩት እረኞች አንዱ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው። የሚያሳድጉት አያቱ ናቸው፤ ከታክሲ ማዞሪያው አለፍ ብሎ መንገድ ዳር ጎመንና ቃሪያ ይሸጣሉ። ከሥራ ስመለስ ቆም ብዬ ጠየቅኋቸው።

«እማማ፣ ልጁ ምነው ቀረ? አመመው እንዴ?»

«ኧረ ደህና ነው የኔ ልጅ። እኔማ ሂድ ነው የምለው። ዕቁቤ ሲወጣ እከፍልልሃለሁ ብዬዋለሁ። እሱ ነው ‹እማዬ አታስቢ፣ እኔ እረኛ መሆን አልወድም› ያለኝ።» ጎመኑን ውኃ ረጨት ረጨት አደረጉበት። «ማታ ማታ ግን ብርድ ልብሱን ተከናንቦ የሚናገረውን ሲያጠና እሰማዋለሁ።»

ቤቴ እስክደርስ ድረስ በጆሮዬ ውስጥ የቀረችው ቃል «አታስቢ» የምትለው ናት። የዘጠኝ ዓመት ልጅ የሚወደውን ነገር ትቶ፣ አያቱ እንዳያስቡ ብሎ፣ አልወድም ብሎ ዋሽቷል። ሃሳቡን ከእሳቸው ትከሻ አውርዶ በራሱ ላይ ጭኖታል። ለእረኛ የሚሆን ሳቲን ፍለጋ እውነተኛውን እረኛ ከቤት አስቀርተነዋል ማለት ነው።

በማግስቱ ኮሚቴው ተሰበሰበ። ኪራዩ ይቅር፣ መዋጮውም ይቅር ስል ቀላል ይሆናል ብዬ አልጠበቅሁም፤ አልሆነምም። የመዝሙር ክፍሉ ኃላፊ፣ ልጆቹ «ጋሼ» እያሉ የሚከተሉት ወጣት፣ ፊቱ ቀላ።

«ድሃ ስለሆንን የድሃ ነገር እናቅርብ እያልሽ ነው?» አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቀጠለ። ልጅ ሳለ በዚሁ አዳራሽ ከሰብአ ሰገል አንዱ ሆኖ ሲወጣ ሸሚዙ ጀርባው ላይ የተቀደደ ነበር። ወርቁን ለማቅረብ ጎንበስ ሲል ከኋላ የሳቁበትን ልጆች እስከ ዛሬ በስም ያውቃቸዋል። «እነዚህ ልጆች በዓመት አንድ ቀን እንኳ አምሮባቸው ይውጡ ነው የምለው።»

ለዚህ መልስ አልነበረኝም፤ ምክንያቱም እውነቱን ነው። ድህነትን «ትሕትና» ብሎ ማለፍ ለተናጋሪው ይቀላል፣ ለለባሹ ግን ከባድ ነው። ስለዚህ ጥያቄውን እንደገና አስቀመጥነው። ሁሉም ልጆች አምሮባቸው፣ ማንም ሳይከፍል እንዴት ይወጣሉ? ጥያቄው እንዲህ ሲሆን ያ ወጣት ራሱ ወረቀትና እስክሪብቶ አወጣ።

መልሱ በየቤታችን ተጣጥፎ ተቀምጦ ነበር። የቤተ ልሔም እረኞች በሌሊት መንጋቸውን የሚጠብቁ ሰዎች ናቸው። ሌሊት ሜዳ ላይ የሚያድር እረኛ ምን ይለብሳል? ጋቢ! በሳንሱሲ ጋቢ የሌለው ቤት የለም። ባይኖር እንኳ ጎረቤት ያውሳል፤ ጋቢ መዋስ ደግሞ ማንንም አያሳፍርም። ለመላእክቱ ነጠላ። ለሰብአ ሰገል ከሠርግ የተረፈ ካባ ሦስት ቤት ተገኘ። የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ሙስሊም ናቸው። የሄሮድስን መጎናጸፊያ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ሠርተው ሂሳቡን ስንጠይቃቸው «የልጆች ነገር ነው፣ ሂዱ!» ብለው አባረሩን። ዘውዶቹ ከካርቶንና ከወርቃማ ወረቀት ተቆረጡ። ቀብዱን ውኃ በላው፤ አከራዩ ግማሹን እንኳ ለመመለስ ፈቃደኛ አልሆነም።

የቀሩትን 11 ልጆች መመለስ ግን ከልብሱ ይልቅ ያስጨንቅ ነበር። «መዋጮው ቀርቷል፣ ልጆቻችሁን ላኩ» ብሎ በድምፅ ማጉያ መናገር ይቻላል። ሰው ሁሉ ግን የትኛው ልጅ ለምን እንደቀረ በዚያው ቅጽበት ያውቃል። በሥራዬ ካየኋቸው ነገሮች አንዱ፣ «ነፃ ነው» የሚለው ቃል ሁልጊዜ ሰው እንደማይስብ ነው፤ አንዳንዴ ያሸማቅቃል። ስለዚህ ያላለቀሰውን አላባበልንም። ልጆችን ወደ ልጆች ላክን። መልእክቱም «እረኛ አንሶናል፣ ያለ አንተ አይሆንም» የሚል ነበር። ውሸትም አይደለም። 12 እረኞች የነበሩት ትርኢት በ7 ሲሠራ ባዶነቱ ያስታውቅ ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜ 30 ልጆች መጡ። አንዷ ሰፈር ቀይራ ነበር፣ አንዱ በእርግጥም ታሞ ነበር፤ እሱም በኋላ ተቀላቀለን።

ከዚያ በኋላ ያለው ጭንቀት «ጤነኛ ጭንቀት» የሚባለው ነው። ሄሮድስ «ትምህርት ቤት ሄሮድስ እያሉ ይጠሩኛል» ብሎ ሥልጣኑን ለቀቀ። በልመና ተመለሰ። ሁለት መላእክት በአንድ ማስቲካ ተጣሉ። ከነቢያቱ አንዱ የፊት ጥርሱ ወልቆ ትንቢቱ በፉጨት ይወጣ ጀመር። በቴሌግራም ግሩፓችን ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ «የልጄ ቦታ ለምን ዳር ሆነ?» የሚል መልእክት ይገባል። እኔ ደግሞ የሩብ ዓመት የሽያጭ ሠንጠረዥ ከፍቼ «እረኛ 4 — ዱላ የለውም» ብዬ እጽፋለሁ። ባለቤቴ አንድ ማታ ስክሪኑን አይቶ «ይህን ለሥራ አስኪያጁ እንዳትልኪው» አለኝ፤ ከዚያም ሳይጠየቅ የልጃችንን እራትና የቤት ሥራ እስከ በዓሉ ድረስ ተረከበኝ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ማለት ይህ ነው። ግቢያችንን ከምንጋራት ጎረቤቴ ጋርም በአጥር ላይ እንደዚሁ እንደጋገፋለን። እሷ ፕሮቴስታንት ናት፤ በእነሱ ቤተ ክርስቲያንም የሕፃናት የገና ፕሮግራም አለ። ኮከቡን ከምን እንደሚሠሩት የነገረችኝ እሷ ናት፤ የካርቶን ዘውድ እንዳይላቀቅ የሚጣበቅበትን ዘዴ የነገርኳት እኔ ነኝ።

ዕለቱ ደረሰ። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ፤ መሬቱ ላይ ቄጠማ ተጎዘጎዘ። ሞንታርቦው ለመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች እያፏጨ ጆሮ በጣሰ። ለደብሩ በስለት የገባና ጨረታ የሚጠብቅ አንድ ነጭ በግ ነበር። ልጆቹ «ያለ በግ ምን እረኛ አለ?» ብለው ስለወተወቱ በአስተዳዳሪው ፈቃድ ገባ። በጉ የሰው ብዛት አላስደነገጠውም። ቀጥ ብሎ ወደ በረቱ ሄደና ነቢያቱ ትንቢታቸውን ሲናገሩ እሱ ቄጠማውን ይበላ ጀመር። የያዘው ትንሽ እረኛ ገመዱን እየጎተተ «ተው፣ ጾም ነው!» ሲለው አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

ከዚያ የዘጠኝ ዓመቱ እረኛ ተራ ሆነ። የአያቱ ጋቢ ታጥቦ፣ ነጥቶ፣ ወገቡ ላይ በመቀነት ታስሯል። ጓደኞቹን ወደ ቤተ ልሔም የሚጠራባት አንዲት ዐረፍተ ነገር ናት ያለችው። ዱላውን ከፍ አድርጎ ጀመረ። ግማሽዋ ላይ ሲደርስ ግን ከኋላ ወንበር አንድ እልልታ ተነሣ፤ እሱን ሌሎች እናቶች ተቀበሉት፣ ከበሮውም ያለ ተራው ገባ። የቀረውን ግማሽ ማንም አልሰማም። እሱ ግን እስከ መጨረሻው ተናገረው፤ ከንፈሩን እያየሁ ነበር። ጋቢ የለበሱት ሌሎቹ እረኞች ተከትለውት ወደ በረቱ ሄዱ። የመዝሙር ክፍሉ ኃላፊ ከመጋረጃው ጀርባ ቆሞ ያይ ነበር። ማንም አልሳቀባቸውም።

ደስታው የቱ ጋ ነው ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ጭብጨባው ላይ አይደለም እላችኋለሁ። ጭብጨባ ያልፋል፤ በማግስቱ ሰኞ ቢሮ ስትገቡ ሪፖርቱ እንዳለ ተቀምጦ ይጠብቃችኋል። ደስታው ያለው ዝርዝሩ ላይ ነው። 32 ተመዝግበው 31 መድረክ ላይ መቆማቸው ላይ። በሥራ ዓለም ስኬት የምንለው ስንት ሰው እንዳየን፣ ስንት ሰው እንደወደደን ነው። እዚህ ግን የስኬቱ መለኪያ መጋረጃው ከመከፈቱ በፊት ያልቃል፤ ማን እንደቀረና ለምን እንደቀረ የጠየቀ ሰው ነበር ወይ? ያ ከተሟላ በጉ ቄጠማውን ቢበላውም ገና ነው። ያ ካልተሟላ ግን ሳቲኑ ቢያብረቀርቅም የጎደለ ነገር አለ።

ይህ እትም እጃችሁ ሲገባ ብዙዎቻችሁ ልምምድ ላይ ናችሁ፤ በሰንበት ትምህርት ቤት፣ በመዘምራን ክፍል፣ ወይም በልጆቻችሁ ትምህርት ቤት። ካየሁት ጥቂቱን ላካፍላችሁ። አንደኛ፣ በነፍስ ወከፍ መዋጮ አትቁረጡ። ገንዘብ ካስፈለገ የሚችለው በሚችለው መጠን፣ ስም በሌለው ፖስታ ይስጥ፤ አጠቃላይ ድምሩ ከምታስቡት የራቀ አይሆንም። ሁለተኛ፣ ልብስ ከመከራየታችሁ በፊት የየቤቱን ሣጥን ጠይቁ። ሦስተኛ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ አንዲትም ብትሆን ዐረፍተ ነገር ስጡት፤ የሚናገረው ነገር ያለው ልጅ ሲቀር ክፍተቱ ይታወቃል፣ የሚናገረው የሌለው ልጅ ግን ሳይታወቅ ይጠፋል። አራተኛ፣ ስም የሚጠራ አንድ ሰው መድቡ። ሥራው የመጡትን መቁጠር አይደለም፤ የቀሩትን መፈለግ ነው። በስልክ ሳይሆን በእግሩ ቢሄድ ደግሞ የተሻለ ይሰማል።

ወላጆችም ብትሆኑ አንድ ነገር አደራ። ልጃችሁ ይወደው የነበረውን ነገር ድንገት «አልወድም» ካለ ቶሎ እሺ አትበሉት። ማታ መብራት ከጠፋ በኋላ ትንሽ ቆማችሁ አድምጡ፤ ብርድ ልብሱ ውስጥ ሆኖ የሚያጠናው ነገር ይኖር ይሆናል።

ለዘንድሮው ዝግጅት ምዝገባ ጨርሰናል። አምናው እረኛ ዘንድሮ ከፍ ብሏል፤ ሄሮድስ መሆን ነው የሚፈልገው። አያቱ ስለ ልብሱ ጠይቀውኝ ነበር። «አያስቡ» አልኳቸው።

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ!